ሰው ከሕንፃ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ፦ ጌም፣ የቪአር መነጽር፣ ሲሙሌሽን ወይስ እውነተኛ ልምምድ?

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በሰንጋ ተራ በኩል እስከ ስታዲየም በእግሩ የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ የሚያያቸው ሕንፃዎች ቁመታቸውና መስታወታቸው ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። በንድፋቸው ላይ ሦስትና አራት መውጫ ተሥሏል፤ በሥራ ቀን ግን ክፍት ሆኖ የሚገኘው ፍተሻ ያለበት አንዱ በር ነው። ሌላው በሰንሰለት ታስሯል፤ ወይም ቁልፉ ያለው ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፤ ወይም ከጀርባው ካርቶን ተደርድሮበታል። ታዲያ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ጭስ ቢነሳ ሰዉ ወዴት ይሄዳል? ምልክቱን ይከተላል ወይስ ጠዋት ወደገባበት በር ያመራል? ደወሉን ሲሰማ ወዲያው ይነሳል ወይስ የጎረቤቱን ፊት አይቶ ይቀመጣል?

ይህንን ማጥኛ መንገዶች በዝተዋል፤ ምርጫውም አስቸጋሪ ሆኗል። የምጽፈው ምርጫው ለተደቀነባቸው ነው፦ ለሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ ለባንክ የደኅንነት ክፍሎች፣ በአምስት ኪሎና በልደታ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለያዙ የምሕንድስናና የአርክቴክቸር ተማሪዎች። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ ቀላል ጌም እና አንድ የምር የሆነ ልምምድ ነው። ዓይንን ሸፍኖ ሰውን በምናባዊ ሕንፃ ውስጥ የሚያስገባው የቪአር መነጽር ብዙ ጊዜ የሚገዛው ለፎቶግራፍ ስለሚያምር ነው።

ጥያቄው ከሦስቱ የትኛው ነው?

በዚህ ጉዳይ የሚነሱ ጥያቄዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ በየትኛው በር፣ በየትኛው ደረጃ፣ ማንን ተከትሎ? ሁለተኛው የመዘግየት ጥያቄ ነው፤ ደወሉ ከጮኸ በኋላ ሰው እስኪነሳ ስንት ጊዜ ያልፋል? ሦስተኛው የፍሰት ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ከተነሱ በኋላ ደረጃው በስንት ደቂቃ ባዶ ይሆናል? ጌም ለመጀመሪያው ጥሩ ነው፤ ለሁለተኛው በጥንቃቄ ከተሠራ ይረዳል፤ ለሦስተኛው አይረባም። ሲሙሌሽን፣ ማለትም ያለ ተጫዋች ኮምፒውተሩ ራሱ ሰዎቹን የሚያንቀሳቅስበት ስሌት፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ልምምድ ሦስቱንም ይነካል፤ ግን በየቀኑ ሊደረግ አይችልም። ገንዘብ የሚባክነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ የተሠራውን መሣሪያ ለሌላው በማዋል። «በጌሙ ውስጥ ተሳታፊዎች በአራት ደቂቃ ወጥተዋል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የለካው የጣት ፍጥነት ነው።

እውነተኛ ልምምድ

የልምምድ ብርታት ሰዉም ሕንፃውም እውነተኛ መሆናቸው ነው። ጉልበቷን የሚያማት የሒሳብ ሠራተኛ ከአሥረኛ ፎቅ ስትወርድ ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ሁሉ በእሷ እርምጃ ይሄዳል፤ ይህንን የትኛውም ስክሪን አያሳይም። የመጀመሪያው ልምምድ በአብዛኛው የሚያጋልጠውም የሰው ጠባይን ሳይሆን ቁልፍን ነው። በሩ ይከፈት ሲባል ቁልፉ ያለው ሰው ምሳ ወጥቷል።

ስለ መዘግየትም ልምምድ ብዙ አስተምሯል። ጊሌን ፕሩ እና ጆናታን ሳይም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ሞኑመንት በተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በተደረጉ ልምምዶች ላይ የተመሠረተ ነው። ደወል ብቻ ሲጮኽ ተሳፋሪው ችላ አለው፤ ምን እንደተፈጠረና ወዴት መሄድ እንዳለበት በድምፅ ማጉያ ሲነገረው ግን ፈጥኖ ወጣ። ጄነሬተር በተሞከረ ቁጥር ደወል የሚጮኽበት የእኛ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ከዚያ የተለየ ያደርጋል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት የለም።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ጭስ መልቀቅ አይቻልም። አንዱን ደረጃ በድንገት ዘግቶ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት ነውርም አደጋም ነው፤ በደረጃ ላይ የሚወድቅ ሰው እውነተኛ አጥንት ይሰብራል። አስቀድሞ የተነገረ ልምምድ ማኪያቶ ለመጠጣት መውጫ ይሆናል፤ ያልተነገረ ደግሞ ገንዘብ ከፊቱ ለተዘረጋ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሌላ ችግር ነው። ከሁሉም በላይ ስድስት መቶ ሰው ያለበት ሕንፃ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ያ ስድስት መቶ መረጃ አይደለም። ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ከተነሳ ሁሉም ይነሳል። ለአጥኚ ይህ አንድ መረጃ ነው።

ልምምድ ከመረጣችሁ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አስቀድማችሁ አሳውቁ። አለበለዚያ የማዶው ሕንፃ ሰው 939 ይደውልና መኪናው በሳይረን ይመጣል።

ጌም በተራ ኮምፒውተር

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ሻመስ ስሚዝ እና ዴቪድ ትሬንሆልም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ «ሃፍ ላይፍ 2» የተባለው የተኩስ ጌም የተሠራበትን ሶርስ የተባለ የጌም ሞተር (ጌም የሚገነባበት ሶፍትዌር) ወስደው የራሳቸውን ሕንፃ በውስጡ ገነቡ፤ ከዚያም ሰዎች በስክሪን ላይ የእሳት ልምምድ እንዲያደርጉ አደረጉ። ተኩስ ለመጫወት የተሠራ ሶፍትዌር ለዚህ የሚሆነው በውስጡ ግድግዳ፣ በር፣ ብርሃን፣ ጭስና መራመድ አስቀድመው ስላሉ ነው። ከሥራቸው የተገኘው ዋና ትምህርት ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጌም የለመዱ ተሳታፊዎች ካልለመዱት በተሻለ ሁኔታ ወጡ። እሳትን ስላወቁ አይደለም፤ ማውስን ስላወቁ ነው።

ይህ ችግር በአዲስ አበባ ይከብዳል። በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ፊፋ እየተጫወተ ያደገ ወጣት እና ሕንፃውን ለዓመታት ያጸዱት እማማ በአንድ ስክሪን ፊት ቢቀመጡ ውጤቱ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ሆኖም ስለ ሕንፃው ከሁለቱ የበለጠ የሚያውቁት እማማ ናቸው። ሳይም እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 «አይል ኦቭ ማን» በተባለችው ደሴት ሳመርላንድ በተባለ የመዝናኛ ማዕከል 50 ሰዎች የሞቱበትን ቃጠሎ መርምሮ፣ እንግዳው ሕዝብ ወደገባበት በር ሲያመራ ሠራተኞች ግን በአደጋ ጊዜ መውጫ የመውጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳየ። ስለዚህ ጽዳት ሠራተኞችንና ጥበቃዎችን «ኮምፒውተር አይችሉም» ብሎ ከጥናት ማስወጣት ዋናዎቹን ምስክሮች ማስወጣት ነው። መፍትሔው የኪቦርዱን ቁልፎች ወደ አራት ቀስት መቀነስና ከዋናው ሙከራ በፊት ምንም አደጋ የሌለበት ክፍል ውስጥ እስኪለምዱ ድረስ እንዲዘዋወሩ ማድረግ ነው። ከአናት በሚታይ ካርታ ላይ በማውስ ብቻ የሚንቀሳቀስበት መንገድም አለ። ኒኮላይ ቦዴ እና ኤድዋርድ ኮድሊንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ያለ ቀላል ጌም ነበር። ሆኖም ቁም ነገር ወጣበት፦ ሰዎች በተረጋጋ ሁኔታ የለመዱትን መንገድ ለይተው አልመረጡም፤ ጫና ሲደረግባቸው ግን ቢጨናነቅም ወደሚያውቁት አዘነበሉ።

የጌም እውነተኛ ጉልበት ሌላ ቦታ የማይደረገውን በነፃነት ማድረግ መቻሉ ነው። ለምሳሌ የመውጫ ምልክቱን እንውሰድ። በመሀል ከተማ ሕንፃዎች በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ ምልክት አለ፣ ከጃፓን የተነሳው አረንጓዴ ሯጭ ሰው አለ፣ አልፎ አልፎም «መውጫ» የሚል አማርኛ አለ። የትኛው ሰውን ከለመደው በር ያስቀይራል? በእውነተኛ ሕንፃ ይህንን ለማነጻጸር ሦስት ተመሳሳይ ሕንፃ ያስፈልጋል። በጌም ግን ተሳታፊውን በዕጣ ለሦስት መድቦ፣ ኮሪደሩንና መብራቱን ሳይነኩ ምልክቱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ሁለተኛው ጥያቄ የተቆለፈ በር ነው። ተሳታፊው ምልክቱን ተከትሎ ሄዶ በሩ ተቆልፎ ሲያገኘው ምን ያደርጋል? ይመለሳል? ይጠብቃል? በሚቀጥለው ሙከራ ያንን ምልክት ያምነዋል? ለዚህች ከተማ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አይታየኝም፤ ደግሞም ማንንም ሳይጎዱ የሚጠየቀው በጌም ብቻ ነው።

ጌሙ ሲሠራ የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። በጌም ሞተሮች ውስጥ ሠሪው ካልለወጠው በቀር የተጫዋቹ ፍጥነት የሯጭ ነው፤ ሰው በሜዳማ ወለል ያለ መጨናነቅ የሚራመደው በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ነውና ወደዚያ ማውረድ ያስፈልጋል። ነጥብ፣ ሰዓት ቆጣሪና ማን ማንን እንደበለጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስክሪኑ ላይ ከተቀመጠ ሁሉም ሩጫ ይሆናል፤ አውጡት። መዘግየትን ለመለካት ከሆነ ተሳታፊው «አሁን ደወል ይጮኻል» ብሎ እንዳይጠብቅ ሥራ ስጡት፦ ደረሰኝ ይደርድር፣ ብር ይቁጠር፣ ከዚያ መሀል ላይ ደወሉ ይጩህ። አጠገቡ ዝም ብለው የሚሠሩ ሁለት የጌም ገጸ ባሕርያትም አስቀምጡ። ቢብ ላታኔ እና ጆን ዳርሊ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ሲገባ ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ሲያሳውቁ፣ ዝም ከሚሉ ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን 10 በመቶው ብቻ ናቸው ያሳወቁት። የሰው ዝምታ ከደወል ይበረታል፤ በስክሪን ላይም ይበረታ እንደሆነ መፈተሽ ራሱ ጥሩ ርዕስ ነው።

እሳቱ እንደማያቃጥለው የሚያውቅ ተጫዋች ሆን ብሎ ወደ ጭሱ ገብቶ ማየት ይወዳል። እንዲህ ያለውን ተሳታፊ መረጃ አትጣሉት፤ ለይታችሁ ያዙት እንጂ።

ስለ ሞተሩ ምርጫ ብዙ አልልም። ዩኒቲ ብዙ ማስተማሪያ ቪዲዮ ስላለው ለጀማሪ ይቀላል። አንሪል ምስሉ ያምራል፤ ግን ጠንካራ የምስል ካርድ ይፈልጋል። ጎዶት ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ከአርክቴክቱ የአውቶካድ ወይም የሬቪት የንድፍ ፋይል ካገኛችሁ ብሌንደር በተባለው የሦስት ገጽታ ምስል መሥሪያ ውስጥ አጽድታችሁ ማስገባት ይቻላል። ፋይሉን ግን አትመኑት፤ በሜትር ሄዳችሁ ለኩ። ንድፉ ላይ ኮሪደር የሆነው ቦታ ዛሬ የስልክ መለዋወጫ ሱቅ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው በአንድ ጌም

አንድ ተጫዋች ከኮምፒውተር ገጸ ባሕርያት ጋር ሲሆን ውጤቱ ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያየው ሕዝብ አንድ ዓይነት ነውና። እውነተኛ ሰዎች በመረብ ተገናኝተው ሲጫወቱ ግን ሌላ ነገር ይታያል። መህዲ ሙሳይድ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ 36 ሰዎችን በአንድ ጊዜ በአንድ ምናባዊ ሕንፃ ውስጥ አስገብተው፣ ጫናው ሲበረታ መጋፋቱና ሌላውን መከተሉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ጆን ድሩሪና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በምናባዊ የባቡር ጣቢያ ባደረጉት ሙከራ፣ አብሯቸው ያለውን ሰው እንደ ወገን የቆጠሩ ተሳታፊዎች የበለጠ ሲረዳዱ አዩ። ሕዝብ በአደጋ ጊዜ ይበረግጋል፣ ይረጋገጣል የሚለው ወሬ ከመረጃው በላይ የተነፋ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ የኮምፒውተር ክፍል ያለው ኮሌጅ ይበቃል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኬብልና ማገናኛ ሳጥን ብቻ። መብራት ሲሄድ ሙከራው እንዳይቋረጥ በላፕቶፕ ይሁን፤ ማገናኛውም ዩፒኤስ ይኑረው፤ ምዝገባውም በየሰከንዱ በየማሽኑ ይቀመጥ።

የቪአር መነጽር

መነጽሩ የሚበልጥበት ቦታ አለ። ተሳታፊው አንገቱን አዙሮ ምልክት ይፈልጋል፤ ርቀትንና ከፍታን በሰውነቱ ይገምታል። ጥያቄያችሁ «ይህ ምልክት ከዚህ ማዕዘን ይታያል?» ከሆነ የዴስክቶፕ ስክሪን ጠባብ እይታ ያሳስታል፤ መነጽር ይሻላል። በጀርመን ቩርትስቡርግ ማክስ ኪናተደርና ባልደረቦቹ በምናባዊ ዋሻ ውስጥ ቃጠሎ እያስነሱ የአንዱ ሰው ድርጊት ሌላውን እንዴት እንደሚስብ ያጠኑት በዚህ መንገድ ነው።

ዋጋው ግን ከግዢና ከቀረጥ አያበቃም። በአንድ መነጽር በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ማለማመዱ፣ ማጽዳቱና ማስተካከሉ ሲደመር ግማሽ ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። በደረጃ ላይ በምናብ መውረድ ለብዙ ሰው ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ያቋረጡት ሰዎች ከተቀሩት የተለዩ ስለሚሆኑ ውጤቱም ይዛባል። ሹሩባ የተሠራች ሴት፣ ሻሽ ወይም ሒጃብ ያደረገች፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ አዛውንት፦ የመነጽሩ ማሰሪያ ለእነዚህ ሁሉ አይመችም፤ እነሱ ሲቀሩም ናሙናው ወንድና ወጣት ይሆናል። በጀታችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለመነጽሩ የሚወጣውን ተሳታፊ በማብዛት ላይ አውሉት።

ሲሙሌሽን

እዚህ ተጫዋች የለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሰዎቹን ያንቀሳቅሳል። ዲርክ ሄልቢንግ፣ ኢለስ ፋርካሽ እና ታማሽ ቪቼክ እ.ኤ.አ. በ2000 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ ሰውን እርስ በርሱ በሚገፋ ኃይል መስሎ፣ ጠባብ በር ላይ ሁሉም ለመፍጠን ሲሞክር ፍሰቱ እንደሚዘገይ አሳየ። ዛሬ ፓዝፋይንደር የተባለው በክፍያ፣ ከጀርመን ዩሊሽ የምርምር ማዕከል የመጣው ጁፔድሲም በነፃ ይገኛሉ። ጭሱን ለማስላት ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በነፃ የሚያቀርበው ፋየር ዳይናሚክስ ሲሙሌተር አለ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. እንደተመረቀውና 209 ሜትር ገደማ እንደሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ላሉ ሕንፃዎች የደረጃ ፍሰትን በተለያየ ሁኔታ ደጋግሞ ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ችግሩ ሲሙሌሽን ያልነገሩትን አያውቅም። በጣም ቅርብ ወደሆነው መውጫ ሂዱ ከተባሉ ምስሎቹ በታዛዥነት ይሄዳሉ፤ ከዓመት ዓመት ማንም ወደማይነካው የኋላ ደረጃም ቢሆን። ውጤቱ በወረቀት ላይ ያማረ ይሆናል።

ስለዚህ ከሁሉም የምወደው ቅንጅት ይህ ነው፦ ጌሙ ምርጫን ይስጥ፣ ሲሙሌሽኑ ደቂቃን ይስጥ። በጌሙ ከተሳተፉት ምን ያህሉ ወደ ፍተሻው በር፣ ምን ያህሉ ወደ ኋላ ደረጃ እንደሄዱ ድርሻውን ወስዳችሁ በሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ቅርቡን መውጫ ይመርጣሉ ከሚለው ስሌት ጋር አነጻጽሩ። የሁለቱ ልዩነት አስተዳዳሪው ፊት የሚቀርብ ቁጥር ነው። አንድ ልምምድ አድርጋችሁ በደረጃው በር ላይ በደቂቃ ስንት ሰው እንዳለፈ ከደኅንነት ካሜራው ብትቆጥሩ ደግሞ ሲሙሌሽኑን ማረም ትችላላችሁ።

ለመሬት መንቀጥቀጥ ሌላ ጌም ነው

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሱት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ሲሰሙ ብዙ ሰው ከፎቅ በደረጃ ሮጦ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የእሳቱን ጌም ለመንቀጥቀጥም እንጠቀምበት የሚል ሐሳብ እሰማለሁ፤ አይሆንም። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሳለ የሚመከረው ባሉበት ዝቅ ብሎ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መጠለልና መያዝ ነው፤ መውጣቱ መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ ነው። ፈጥኖ መውጣትን የሚሸልም ጌም ሰውን ስህተት ያለማምዳል። በኒውዚላንድ ሩጄሮ ሎቭሬሊዮና ባልደረቦቹ ለኦክላንድ ከተማ ሆስፒታል የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳወቁት የቪአር ጌም ሁለቱን ምዕራፎች፣ መንቀጥቀጡ ሳለና ካቆመ በኋላ ያለውን፣ ለይቶ የያዘ ነበር፤ ከእሱ መነሳት ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

በፒያሳ ወይም በመርካቶ የገበያ ማዕከል የምታስተዳድሩ ከሆነ መጀመሪያ ሱቆች ከመከፈታቸው በፊት ከጥበቃዎቹና ከነጋዴዎቹ ጋር አንድ ልምምድ አድርጉ። ቁልፍ፣ ካርቶንና የብረት መዝጊያ ያኔ ይታያሉ፤ ለእነዚህ ጌም መሥራት ትርፍ ወጪ ነው። ደንበኛው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ስትፈልጉ ነው ጌሙ የሚመጣው። አንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ ያላችሁ ተማሪዎች አንድ ፎቅ፣ ሁለት ደረጃ፣ አንድ የሚለወጥ ነገር ያለው ጌም ሥሩ፤ ሙሉ ሕንፃ ለመገንባት የተነሳ ተማሪ ወንበርና መስታወት ሲሥል ወሰነ ትምህርቱ ያልቅበታል። ከተሳታፊዎች የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ፤ በፈለጉት ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችሉም ንገሯቸው። በቃጠሎ ውስጥ ያለፈ ሰው በመካከላቸው ሊኖር ይችላል። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ቅንጅቱን ለመክፈል አቅም አላቸው።

ጥናቱን ለሌላ ድርጅት የምታሠሩ ከሆነ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። በጌሙ ውስጥ ሰው በሰከንድ ስንት ሜትር ይራመዳል? ከተሳታፊዎቹ ስንቶቹ ከዚህ በፊት ጌም ነክተው አያውቁም? ሕንፃው የተገነባው ከንድፉ ነው ወይስ ዛሬ ካለበት ሁኔታ? የእያንዳንዱ ተሳታፊ እንቅስቃሴ ጥሬ ምዝገባ ከሪፖርቱ ጋር ይሰጠናል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።